«ጠብ የሚል ነገር» እና «ላብ አደር»፦ ለአሜሪካ ሠራተኛ መራጭ በየትኛው ቃል?

ብራና፦
የአሜሪካ ዴሞክራቶች ከድሃውና ከሠራተኛው መራጭ ጋር እንዴት ይቀራረቡ የሚል ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። የሚፈለገውን ሕዝብ «ላብ አደር» ልበለው ወይስ «ወዝ አደር»? «ከእነሱ ምንም ጠብ ያለልኝ ነገር የለም» የሚለውስ በመራጩ አፍ ያምራል?

ሰዋስው፦
ከሁለተኛው ልጀምር። በጣም ያምራል። «ጠብ አለ» መነሻው የፈሳሽ ነው፤ «ጠብ የሚል ነገር» ግን ወሬው አልፎ እጅ የገባ፣ የሚቆጠር ጥቅም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአሉታ ጋር ይሄዳል፤ «ቢለፋ ቢለፋ ጠብ አላለለትም» እንደምንለው። ለማን እንደሆነ የሚናገረውን «ለት»፣ «ልኝ» አይጣሉት፤ የቃሉ ኃይል ያለው እዚያ ላይ ነው። የፓርቲው ችግርም እዚያው ነው፤ ሕጉ ምን እንደሆነ ይነገራል፣ ለማን ስንት እንደሆነ አይነገርም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ለአንድ ሠራተኛ በዓመት እስከ 400 ዶላር፣ ለባልና ሚስት እስከ 800 ዶላር የግብር ቅናሽ ተሰጠ። ገንዘቡ በቼክ አልመጣም፤ ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብር በጥቂቱ እንዲቀንስ ተደርጎ በየክፍያው ተበታተነ። ብዙ ሰው ግብሩ መቀነሱን እንኳ አላወቀም። ጠብ ብሎለታል፤ አላየውም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአዛውንቶች በሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ያለ የስኳር ሕመምተኛ በመድኑ ለተሸፈነ ለእያንዳንዱ የኢንሱሊን ዓይነት በወር ከ35 ዶላር በላይ አይከፍልም። ይህንን መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ራሱ ቆጥሮ ያየዋል። ሁለቱም እውነተኛ ጥቅም ናቸው፤ በአፍ የሚነገረው ግን ሁለተኛው ነው።

መዝገበ፦
«ጠብ ብሎ ቀረ» የሚለውንም አይርሱት። በ2021 የልጆች የግብር ድጎማ ከፍ ብሎ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ ይከፈል ነበር፤ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 300፣ ከዚያ በላይ እስከ 17 ዓመት ላለው እስከ 250 ዶላር። በባንክ መግለጫው ላይ የሚነበበው አንዲት የተጨማደደች አጽሮተ ቃል ብቻ ነበረች፤ ከየትኛው ሕግ እንደመጣ የሚናገር የለም። በዓመቱ መጨረሻ ምክር ቤቱ ሳያራዝመው ቆመ። በወር ወጪው ውስጥ አስገብቶት ለነበረ ቤተሰብ ይህ ጭራሽ ካለመስጠት የባሰ ነው የሚመስለኝ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስመለስ፦ «አደር» እንደ «አርሶ አደር» በዚያ ሥራ የሚኖር ማለት ነው፤ አፈጣጠሩ ግሩም ነው። ሆኖም «ላብ አደር»ም «ወዝ አደር»ም የደርግን ዘመን መፈክር ይዘው ይመጣሉ፤ አንባቢው አሜሪካን ትቶ ሰልፍ ያስባል። «ሠራተኛው» ወይም «በደመወዙ የሚያድር» ይበሉ። የመጋዘን ሠራተኛውም፣ አዛውንት ተንከባካቢዋም፣ ነጩም ጥቁሩም ይገባበታል።

ብራና፦
ጽሑፉ የሠራተኛውን መደብ የሚለካው በትምህርት ነው። «ያልተማረው መራጭ» ብዬ ነበር።

መዝገበ፦
እባክዎ ያውጡት! በዚያ አገር መጠይቆች መለኪያው የአራት ዓመት ዲግሪ አለመኖር ነው፤ ይህም ከጎልማሳው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ነው። አራት አምስት ዓመት በልምምድ ሙያ የተማረ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንዴት «ያልተማረ» ይባላል? «የአራት ዓመት ዲግሪ የሌለው» ይበቃል። መራጩን ያራቀውም ከገንዘቡ ይልቅ እንዲህ ያለ ንቀት ነው ባይ ነኝ። በ2020 ፍሎሪዳ ዝቅተኛው ደመወዝ ደረጃ በደረጃ በሰዓት 15 ዶላር እንዲደርስ 60 በመቶ ድምፅ አልፎ ጸደቀ፤ በዚያው ቀን በዚያው ግዛት ያሸነፉት ትራምፕ ናቸው። ሐሳቡ ተወዷል፤ ተናጋሪው አልተወደደም። የዴሞክራቶቹ ዕጩ ሂላሪ ክሊንተን በ2016 የትራምፕን ደጋፊዎች ግማሽ የሚያንቋሽሽ ቃል የተናገሩት ገንዘብ ለጋሾች ፊት ነበር፤ ቃሉ እስከ ምርጫው ቀን አልለቀቃቸውም።

ሰዋስው፦
እስማማለሁ፤ ንቀት ግን በስድብ ብቻ አይመጣም፣ በረቂቅ ስምም ይመጣል። «ተደራሽነት»፣ «ማብቃት»፣ «አካታችነት» ደጅ ላይ ቆሞ የሚነገር ቋንቋ አይደለም። «የጤና አገልግሎት ተደራሽነትን ማስፋት» በማለት ፈንታ «ሐኪም ቤት ሲሄዱ ከኪስዎ የሚወጣው ይህን ያህል ይቀንሳል» ይባል። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል፦ መጀመሪያ ገንዘቡ፣ ቀጥሎ ማን እንደሚያገኘው፣ ከዚያ ከየትኛው ወር እንደሚጀምር፤ የሕጉ ስም መጨረሻ። ገንዘቡንም በዓመት ሳይሆን ሰውየው በሚከፈልበት ጊዜ ያስሉት፤ በሳምንት ከሆነ በሳምንት። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከሐምሌ 2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው። «በዓመት 15,080» ከማለት «40 ሰዓት ሠርቶ ግብር ሳይቆረጥ 290 ዶላር» ማለት ይሻላል፤ የቤት ኪራዩን ከዚያ ላይ ወዲያው ይቀንሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ጆሮ መስጠት» የሚለውን ሲተረጉሙ ሰዓቱንም ይጻፉ። ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ በር የሚያንኳኳ ቀስቃሽ የማታ ፈረቃውን ሠራተኛ በሙሉ ያጣዋል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ያው ሰው ያንኑ በር ሁለተኛ ጊዜ ቢያንኳኳና ባለፈው የተነገረውን ቅሬታ ጽፎ ይዞ ቢመጣ ጆሮ ተሰጠ ይባላል።