ቨርቹዋልቦክስ ኡቡንቱን አላስነሳ አለኝ፤ ላፕቶፑ አርጅቶ ነው?

የሳቢያኗ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው፤ ማታ ማታ ኔትወርኪንግ እማራለሁ። መምህራችን «ሊኑክስን በእጃችሁ ካልነካችሁ ሰርቨርን አወቅን አትበሉ» ስላሉን ዊንዶውስ 10 ባለው ላፕቶፔ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጫንኩ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ነው የተገዛው። ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋ። ኡቡንቱ 22.04ን (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያሠራውን የሊኑክስ አንዱን ዓይነት) ያወረድኩት በሞባይል ዳታ ነው፤ ከ3 ጊጋ በላይ ስለሆነ አጥፍቼ እንደገና ላውርድ ብል ኪሴ አይችልም።

አዲስ ማሽን ስፈጥር በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ባለ 32 ቢት ብቻ ነው ያለው፣ 64 የሚል የለም። እሱኑ መርጬ ስታርት ስለው «ቪቲ-ኤክስ ባዮስ ውስጥ ተዘግቷል» የሚል መልእክት ያወጣና ይቆማል። የክፍሌ ልጅ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፣ ሌላ ግዢ» አለኝ። እውነት ነው? ሌላ የምገዛበት የለኝም።

የከዚራ ልጅ፦
አቦ ምን ያስጨንቅሻል፤ ይሄን አጥፊና የቆየ ቨርዥን ጫኚ። ለጓደኛዬ እንደዚያ ሠርቶለታል።

ሸዋ በር ጥገና፦
እህቴ፣ ምንም አታጥፊ፣ ምንም አታውርጂ። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ከፔንቲየም 4 ዘመን ጀምሮ ኮምፒውተር የምጠግን ሰው ነኝ፤ ላፕቶፕሽ ለዚህ ሥራ አላረጀም። ቪቲ-ኤክስ ማለት ፕሮሰሰሩ በውስጡ ሌላ ማሽን እንዲያስነሳ የሚያግዘው አቅም ነው። ኢንቴል ይህ ያለበትን ፕሮሰሰር ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ኤኤምዲ በዓመቱ ተከተለ። ኮር አይ 5 ከዚያ በኋላ የመጣ ስለሆነ አቅሙ አለው። ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ ቅንብር) ነው የዘጋበት። መልእክቱም የነገረሽ ይህንኑ ነው፣ እመኚው። 64 ቢት ከዝርዝሩ የጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የከዚራው ወንድሜ፣ የቆየው ቨርዥን ለእሷ አይሆንም። ከቨርቹዋልቦክስ 6.1 በፊት የነበሩት ያለ ቪቲ-ኤክስም ያስነሱ ነበር፤ ግን 32 ቢቱን ብቻ። ኡቡንቱ 22.04 ደግሞ ለፒሲ የሚወጣው በ64 ቢት ብቻ ነው።

አሁን ታስክ ማናጀርን ክፈቺና ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ንኪ። ከግራፉ በታች ቨርቹዋላይዜሽን ዲሴብልድ ካለ ነገሩ ያልኩሽ ነው፣ ባዮስ መግባት አለብሽ።

ከመግባትሽ በፊት ግን አንድ አደራ አለኝ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ እንደሆነ እዪ። በርቶ ከሆነ ባዮስ ላይ የምታደርጊው ለውጥ ዊንዶውስ ሲነሳ ባለ 48 አሃዝ የሪከቨሪ ቁልፍ ሊያስጠይቅሽ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለሽ ፋይልሽን አታገኚውም። ላፕቶፑ ያገለገለ ስለሆነ ቁልፉ ቀድሞ በተጠቀመበት ሰው አካውንት ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ምክንያት ያጣ ተማሪ ሱቄ ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ቢትሎከሩንም ለጊዜው ሰስፔንድ አድርጊው።

ከዚያ ሺፍትን ተጭነሽ ይዘሽ ሸት ዳውን በዪው። ያለዚያ ዊንዶውስ ለፈጣን መነሻ ብሎ ግማሽ ጎኑን ብቻ ነው የሚዘጋው። ስታበሪው ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ደጋግመሽ ምቺ። ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ ወይም ቪቲ-ኤክስ የሚለውን ፈልገሽ ኢኔብልድ አድርጊ፣ ሴቭ ብለሽ ውጪ።

ላብ ቴክኒሺያን፣ ድሬ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ዴስክቶፕ ለምትጠቀሙ ልጨምር። እኛ ላብ ውስጥ ባዮስ ላይ ያበራነው ቪቲ-ኤክስ መብራት በጠፋ ቁጥር ተመልሶ የሚዘጋባቸው ማሽኖች ነበሩ። ምክንያቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ መሞቷ ነው፤ እሷ ከሞተች መብራት ሲጠፋ ባዮሱ ወደ መጀመሪያው ቅንብሩ ይመለሳል። ምልክቱ ሰዓቱ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ ባትሪዋን ቀይሩና ቅንብሩን እንደገና አስተካክሉ። ተማሪ ቨርቹዋልቦክሱን ደጋግሞ ሲያጠፋና ሲጭን ማየት ያሳዝናል፤ ጥፋቱ እዚያ አይደለም።

የሳቢያኗ ተማሪ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ቢትሎከር ጠፍቶ ነው ያገኘሁት። አሁን ታስክ ማናጀር ኢኔብልድ ይላል፣ 64 ቢትም መጣ። ግን ኡቡንቱ ሲነሳ በጣም ይንቀራፈፋል፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ብዙ ይቆያል። ከታች በቀኝ በኩል አረንጓዴ ኤሊ ታሳያለች። ባለፈው ወር ለዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ከልሎ ለሚያሠራው ሶፍትዌር) ብለን ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ምልክት ያደረግንበት ነገር ነበር፤ ያኔ ዶከሩ አልሠራም። ይገናኛል እንዴ?

ሸዋ በር ጥገና፦
በደንብ ይገናኛል፤ ስለ ኤሊዋ መናገርሽ ጥሩ ነው። ያኔ ዶከር ያልሠራው ቪቲ-ኤክስ ተዘግቶ ስለነበር ነው። አሁን ስትከፍቺው የዊንዶውስ የራሱ ማሽን አስነሺ፣ ሃይፐር-ቪ፣ ቀድሞ ያዘው። ቨርቹዋልቦክስ ከእሱ ሥር ሆኖ ሲሠራ ነው ኤሊዋ የምትመጣው፤ ይነሳል ግን ያዘግማል።

ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ሃይፐር-ቪ፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም እና ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም የሚሉት ላይ ያለውን ምልክት አንሺና ሪስታርት አድርጊ። ዶከር ዛሬ ካላስፈለገሽ ምንም አይጎድልብሽም፤ ስትፈልጊ ትመልሺዋለሽ። ኤሊዋ ካልሄደች ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ኮር አይሶሌሽን ሥር ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ በርቶ ይሆናል። እሱ ግን ከቫይረስ የሚከላከል ነገር ነው፤ ከየትም የመጣ ፍላሽ የምትሰኪ ከሆነ እንዳለ ተዪውና ዝግታውን ቻዪው። ራም ከ8ቱ 4 ስጪው፣ ከዚያ በላይ ግን ዊንዶውሱን ታፍኚዋለሽ።

የሳቢያኗ ተማሪ፦
ኤሊዋ ሄደች! ፊቸርሶቹን ማንሳት ብቻ በቃው፣ ሜሞሪ ኢንቴግሪቲን አልነካሁም። ኡቡንቱ ገብቶ ተርሚናል ከፍቻለሁ። ለክፍሌ ልጅም አሳየዋለሁ፤ የእሱም ላፕቶፕ እንደዚሁ ስለሆነ ሊሸጠው ነበር። መስኮቱ ብቻ ትንሽ ነው፣ ትልቅ ማድረግ ይቻላል?

ላብ ቴክኒሺያን፣ ድሬ፦
ይቻላል። ከቨርቹዋልቦክሱ መስኮት ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ መስኮቱን የሚያስተካክለውን የገስት አዲሽንስ ሲዲ (የእውነት ሲዲ አይደለም) አስገቢ፣ ኡቡንቱ ውስጥ ጫኚውና ሪስታርት አድርጊ። ልጁም እንዳይሸጥ ንገሪው፤ ካቃተው ላፕቶፑን ይዞ ላብ ይምጣ።