አስቸኳይ፦ ኤክሴል ላይ ቁጥር ስጽፍ ቀን እየሆነ አስቸገረኝ

ፔሮል_ላይ፦ ባለሙያዎች እባካችሁ ድረሱልኝ። 4500 ስጽፍ 4/26/1912 ይሆናል፣ 250 ስጽፍ 9/6/1900። ሁሉም ሴል ላይ እንደዚሁ ነው። ትናንት ደህና ነበር። ፔሮሉ እስከ 11 ሰዓት መላክ አለበት። ቫይረስ ይሆን? ኦፊስን አራግፌ እንደገና ልጫነው?

ፈጣን_እጅ፦ ኮንትሮልና ኤ ተጭነሽ ሆም ላይ ጄኔራል የሚለውን ምረጪ። አለቀ።

ቀመር፦ ቫይረስ አይደለም እህቴ። ኤክሴል ቀንን በቁጥር ነው የሚይዘው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ማለት 1፣ ማግስቱ 2 እያለ ይቀጥላል። 4500ኛው ቀን ኤፕሪል 26 ቀን 1912 ላይ ይውላል። ያልነበረችውን ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900ንም ጨምሮ ይቆጥራል፤ ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የድሮ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ጋር እንዲስማማ ተብሎ የተተወ ስህተት ነው። ስለዚህ የጻፍሽው ቁጥር ሴሉ ውስጥ አለ፣ የተለወጠው የሚታይበት መልክ ብቻ ነው።

ጨዋታ፦ በ1912 የ4500 ደሞዝማ ማን አግኝቶ! 😄

ፔሮል_ላይ፦ ጄኔራል አደረግኩት፣ ያ ሺት ተስተካከለ። ኮንትሮልና ኤን ብዬ አዲስ ስከፍት ግን እንደገና ቀን። ኤክሴል ሲነሳ ከሚመጣው ገጽ ብላንክ ወርክቡክን ስነካ ደህና ነው። ግራ ገባኝ።

ፈጣን_እጅ፦ ሁሉንም መርጠሽ ጄኔራል በይው አልኩ እኮ።

የቢሮ_አይቲ፦ እሱን ተዪው፤ በየፋይሉ ስትደግሚው ልትውይ ነው። ደግሞ የተቀጠሩበት ቀን ያለበት ሺት ላይ ከሠራሽው ቀኖቹ በሙሉ ባለ 5 አሃዝ ቁጥር ይሆናሉ።

ቁልፉ አሁን የነገርሽን ልዩነት ነው። ኮንትሮልና ኤን የሚከፍተው ቡክ የሚባለውን ቴምፕሌት (አዲስ ፋይል የሚቀዳበትን ናሙና) ነው፣ የመነሻው ገጽ ብላንክ ወርክቡክ ግን እሱን አያነብም። ስለዚህ አንድ ሰው የቀን ፎርማት ያለበትን ፋይል ቡክ ብሎ ቴምፕሌት አድርጎ አስቀምጦታል። ኦፊስን ማራገፍም አይጠቅምሽም፤ ፋይሉ ያለው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ከነችግሩ ይጠብቅሻል።

ኤክሴልን ሙሉ በሙሉ ዝጊው። የዊንዶውስና የአር ቁልፍን አብረሽ ተጫኚ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል %አፕዳታ% ብለሽ ኢንተር። ከዚያ ማይክሮሶፍት፣ ኤክሴል፣ ኤክስኤልስታርት። ቡክ የሚለውን ፋይል አትሰርዢው፣ ስሙን ብቻ ለውጪ ወይም ዴስክቶፕ ላይ አውጪው። የተለወጠበትን ሰዓትም እዪ፤ የዛሬ ጠዋት ከሆነ ነገሩ ተረጋገጠ። ፐርሰናል የሚል ፋይል ካለ እንዳትነኪው፣ ማክሮዎቹ (ሥራን በራሳቸው የሚደጋግሙ ትእዛዞች) ያሉት እዚያ ነው።

ሌጀር፦ ፎልደሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ግቢና ወደ ታች ጄኔራል ወደሚለው ክፍል ውረጂ። ኤክሴል ሲነሳ የሚከፍታቸው ፋይሎች ያሉበት ፎልደር የሚጻፍበት ሳጥን አለ። ባዶ መሆን አለበት። የጋራ ፎልደር ተጽፎበት ከሆነ ቴምፕሌቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ፔሮል_ላይ፦ ቡክን አወጣሁት፣ አዲሱ ደህና ሆነ! እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት የጀመርኩት ፔሮል ላይ ግን ሺት ስጨምር አሁንም ቀን ነው።

የቢሮ_አይቲ፦ ያ ፋይል ከተበላሸው ቴምፕሌት ነው የተወለደው፣ ኖርማል የሚባለውን ስታይል (ሴሎች ሲጀመር የሚይዙትን መልክ) ይዞት መጥቷል። ፋይሉን ከፍተሽ ሆም፣ ሴል ስታይልስ፤ ኖርማልን በቀኝ ክሊክ፣ ሞዲፋይ፣ ፎርማት፣ ነምበር፣ ጄኔራል፣ ኦኬ። በእጅ ፎርማት የተሰጣቸው ሴሎች አይነኩም፣ የቅጥር ቀኖችሽ እንዳሉ ይቆያሉ። ከዚያም በኋላ ሌሎች ፋይሎች ላይ ሺት ስትጨምሪ ቀን ከመጣ፣ እዚያው ኤክስኤልስታርት ውስጥ ሺት የሚባል ሁለተኛ ቴምፕሌት አለ ማለት ነው፤ እሱንም አውጪው።

ቀመር፦ የቅጥር ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ከጻፍሽ ዓምዱን ቀድመሽ ቴክስት አድርጊው። ኮምፒውተርሽ ወርን ስለሚያስቀድም የካቲት 12ን 12/6/2016 ብትዪው ዲሴምበር 6 ያደርገዋል። የካቲት 13ን በዚያው መልክ ብትጽፊ ግን 13ኛ ወር ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ወደ ግራ ይጠጋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ገሚሱ ቀን ገሚሱ ጽሑፍ ሆኖ የአገልግሎት ዘመን ስታሰዪ ይሳሳትብሻል።

ሌጀር፦ ፔሮሉ ሄደ? 11 ሰዓት ሊሞላ ነው።