«ሄቪ» ሁሉ «ከባድ» አይደለም

«የእንግሊዝኛው ሄቪ ማለት ከባድ ነው፣ አለቀ» ላላችሁት፦ አላለቀም። እኔን ሰው ፊት ያሳፈረኝ ይኸው ቃል ነው።

ደብረ ብርሃን ነው፣ ኅዳር ላይ። ውርጩ ሣሩን አንጥፎት አድሯል፣ እኔ ጋቢዬን ደርቤ ከአንድ ፈረንጅ እንግዳ ጋር በጠዋት ቆሜያለሁ። ብርዱ ከበደኝ ለማለት «አይ ሃቭ ኤ ሄቪ ኮልድ» አልኩት። ሰውየው በአዘኔታ አየኝና ፈቀቅ ብሎ ሶፍት አወጣልኝ። ለካ «ሄቪ ኮልድ» ጉንፋን ነው፤ ያውም አፍንጫ ደፍኖ፣ ዓይን አስለቅሶ የሚያስተኛው ዓይነት።

የእኛን ብርድ እንግሊዞቹ «ቢተር ኮልድ» ይሉታል። መራራ ማለት እኮ ነው! እኛ ጋ መራራ ኮሶ ነው፣ እውነት ነው፣ ትግል ነው። ብርድማ አጥንት ድረስ ይዘልቃል እንጂ አይመርም። መንዝ ወጥታችሁ ባና ሳትደርቡ እደሩና ንገሩኝ።

ዝናብ ላይ «ከባድ»ም «ሄቪ»ም ይሠራል፤ ሬዲዮው «ከባድ ዝናብ» ይበል እንጂ እናቴ የምታውቀው ዶፍ ነው። ነፋስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኛ ዝናቡንም ነፋሱንም «ኃይለኛ» እንላለን፣ እነሱ ዝናቡን «ሄቪ» ብለው ነፋሱን «ስትሮንግ» ይሉታል። የጣርማበር ጉም ሲሆን ደግሞ «ቲክ ፎግ» ነው፣ እዚህ ላይ «ጥቅጥቅ ያለ» ከምንለው ጋር ተስማማን።

በጣም የወደድኩት የአረቄው ነገር ነው። አረቄው «ስትሮንግ» ነው፣ አብዝቶ የሚጠጣው ሰውዬ ግን «ሄቪ ድሪንከር»። ጥንካሬው ለመጠጡ፣ ክብደቱ ለጠጪው! ሻይም ቢሆን እኛ «ወፍራም» ያልነውን እነሱ «ስትሮንግ» ነው የሚሉት። «ፋት ቲ ስጠኝ» ብሎ ያዘዘ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም።

ሲጋራ ከሲጋራ የሚለኩሰው «ሄቪ ስሞከር» ነው። ቢጎትቱት የማይነቃው «ሄቪ ስሊፐር»፣ ኮሽ ሲል ብድግ የሚለው ደግሞ «ላይት ስሊፐር»።

«ሄቪ ኤግዛም»ም «ሄቪ ትራፊክ»ም ይባላል ያልሽኝ እህቴ፣ ፈተናው ላይ ግን አይሄድም። ከባድ ፈተና «ሃርድ» ወይም «ዲፊከልት» ነው፣ ከባድ ሕመም ደግሞ «ሲሪየስ»። «ሄቪ ትራፊክ» ያልሽው ትክክል ነው፣ የመንገድ መጨናነቅ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ስትመልሺው «ከባድ ትራፊክ» ካልሽ ግን እኔ የሚታየኝ ወፍራም ፖሊስ ነው።

ያዘነ ሰው የሚለውን «ዊዝ ኤ ሄቪ ሃርት» «በከባድ ልብ» እያላችሁ የምትተረጉሙም እባካችሁ ተዉን። የአበሻ ሐዘን የሚያርፈው ሆድ ላይ ነው፤ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይብሳል።

ሶፍቱን ግን ተቀብዬዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ጉንፋኑ ራሱ መጣ፣ ያኔ «አይ ሃቭ ኤ ሄቪ ኮልድ» የምለው ፈረንጅ አጣሁ።