ቫሌንሲ እና ቫሌንስ ኤሌክትሮን፦ ሰልፈር ላይ ስደርስ ይምታታብኛል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ታናሽ እህቴን ኬሚስትሪ እያስጠናሁ አንድ ቦታ ላይ ቆሜአለሁ። ሰኞ ፈተና አለባት፤ የተሳሳተ ነገር እንዳላስተምራት ስለምሰጋ እባካችሁ እርዱኝ።

የገባኝን ልንገራችሁ። ቫሌንስ ኤሌክትሮኖች በአቶሙ የመጨረሻ ሼል (የውጨኛው የኤሌክትሮን ንብርብር) ላይ ያሉት ናቸው፤ ቫሌንሲ ግን አቶሙ ከሌሎች ጋር የመጣመር አቅሙ ነው። የሶዲየም አቶም ኤሌክትሮኖች ከውስጥ ወደ ውጭ በየሼሉ ሲቆጠሩ 2፣ 8፣ 1 ስለሆኑ ቫሌንስ ኤሌክትሮኑም ቫሌንሲውም 1 ነው። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ይመስለኛል፤ ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር አድርጌ ይዣቸው ነበር። ክሎሪን ግን 2፣ 8፣ 7 ነው። ሰባት ቫሌንስ ኤሌክትሮን እያለው በምግብ ጨው ውስጥ ቫሌንሲው 1 ነው፤ ስምንት ለመሙላት የሚጎድለው አንድ ብቻ ነውና። ኒዮን ደግሞ ስምንቱን ስለሞላ ቫሌንሲው ዜሮ ነው። ለክሎሪንና ለኒዮን ቫሌንስ ኤሌክትሮኖቹን ከስምንት መቀነስ ይሠራል።

ሰልፈር ላይ ስደርስ ግን ስሌቴ ይፈርሳል። አደረጃጀቱ 2፣ 8፣ 6 ስለሆነ ቫሌንሲው 2 መሆን አለበት፤ በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ውስጥ በእርግጥም 2 ነው። በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ግን 4፣ በሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ 6 ይባላል። ስድስቱ ኤሌክትሮኖች እዚያው እያሉ ቫሌንሲው ለምን ይለዋወጣል? ኦክስጅንስ እርሱም ስድስት እያለው ለምን 4 ወይም 6 አይሆንም? ብረትም 2 እና 3 አለው፤ እርሱን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

በፈተናው ላይ የሰልፈር ቫሌንሲ ስንት ነው ተብላ ብትጠየቅ ምን ብላ ትመልስ? መምህራን ካላችሁ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በሚገባ ቋንቋ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።