የሱፐርማርኬት ካርድ ለጡረተኛ ያዋጣል? ጥቆማ ለጎጃም ሸማቾች

«እናትና አባቴ ደብረ ማርቆስ ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት። የሱፐርማርኬት የደንበኝነት ካርድ ላውጣላቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ በብዛት ይመጣል። ባሕር ዳር ያሉትም፣ ፍኖተ ሰላም ያሉትም ይህንኑ ነው የሚጠይቁት። መልሴ አጭር ነው። በነጻ ከሆነ አውጡላቸው። ለካርዱ ሲሉ ግን ከለመዱት ሱቅ አይውጡ።

ሂሳቡን እንየው። ነጥብ የሚሰጥ ካርድ የሚጠቅመው ብዙ የሚገዛን ሰው ነው። ሁለት ጡረተኞች ከሱፐርማርኬት የሚገዙት ደግሞ ትንሽ ነው። ጤፉ ከእህል ገበያ ይመጣል። የቢቸና ወይም የአዴት ጤፍ ለለመደ ሰው የታሸገ ዱቄት አይዋጥለትም። ሽንኩርትና ድንቹ ከጉልት፣ ወተቱ ላም ካለው ጎረቤት፣ በርበሬና ሽሮው ከቤት ነው። ለሱፐርማርኬት የሚቀረው ሳሙና፣ ሶፍት፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የሻይ ቅጠል ነው። በወር የ1,500 ብር ዕቃ ገዙ እንበል። ካርዱ ከ100 ብር ላይ 1 ብር የሚመልስ ከሆነ 15 ብር አገኙ ማለት ነው። በባጃጅ ከሄዱ እሷም አለቀች።

ውጭ አገር ያሉ ልጆች «ካርድ የሌለው ሰው እኮ ተበላ!» ይላሉ። ላሉበት አገር እውነታቸውን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቴስኮ የተባለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ካርዱን የጀመረው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ መደርደሪያው ላይ ባለካርድ የሚከፍለውና ሌላው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ለየብቻ ይለጠፋል። ነጥቡን ብቻ ካያችሁ ግን እዚያም ያው ነው። ለ1 ፓውንድ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ 150 ነጥብ ሲሞላ የ1 ፓውንድ ተኩል ኩፖን ይገኛል። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ይህን እስክትሞላ ጊዜ ይፈጅባታል።

እኔ የወደድኩት እዚያው አገር አይስላንድ የሚባለው ሱፐርማርኬት በ2022 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ 10 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ያህል ካልገዛችሁ አይባልም። ነጥብ ማጠራቀምም የለም። እኛም አገር የጡረታ መውጫው 60 ነው። የባሕር ዳር ባለሱፐርማርኬቶች ይህን ካነበባችሁ፣ ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ቀን መርጣችሁ ሞክሩት እስቲ።

«ሁለት ለገዛ አንድ በነጻ» የሚለውን ደግሞ ለትንሽ ቤት አልመክርም። ሦስት እርጎ ሁለት ሰው እስኪጨርሰው መብራት ይሄዳል፣ ፍሪጁ ይሞቃል፣ እርጎው ይደፋል። በዚያ ላይ ጾም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብም አሉ፣ ነቢያትና ሐዋርያትን ሳንቆጥር። አጥብቀው ለሚጾሙ አረጋውያን የወተት፣ የቅቤና የእንቁላል ቅናሽ የዓመቱን ግማሽ አይሠራም። እንዲህ ያለ ቅናሽ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የመጠቀሚያ ጊዜውን ተመልከቱ። ሊያልቅበት የተቃረበ ዕቃ ነው ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ የሚወጣው። ሳሙና ከሆነ ግን ግዙ፤ ሳሙና አይበላሽም፣ አይጾምም።

ዘይት ለብቻው ይታይ። 5 ሊትሩ ጀሪካን በሊትር ሲሰላ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሊትሩ ይረክሳል። ግን ለጡረተኛ በአንዴ የሚወጣው ገንዘብ ይከብዳል፣ ተሸክሞ መምጣቱም ሌላ ጣጣ ነው። ዘዴው ተካፍሎ መግዛት ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ትልቁን ጀሪካን ወይም 25 ኪሎውን ሩዝ ገዝቶ ይካፈል። ካርድ ካለም በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ይመዝገብና ሁሉም በእሱ ይግዛ። ያኔ ነጥቡ ቶሎ ይሞላል። ለበዓል ይካፈሉታል። (ቡሬ ላይ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ሲመረቅ «በቃ ዘይት በደጃችን ሆነ» ያልን ብዙ ነን። ፋብሪካው ቀረበ ማለት ዋጋው ረከሰ ማለት እንዳልሆነ አይተናል።)

አሁን ወደ ሰፈር ሱቅ ልምጣ። የሰፈር ባለሱቅ ካርድ የለውም፣ የዱቤ ደብተር ግን አለው። ጡረታ እስኪገባ ድረስ ይታገሣል። ሩብ ኪሎ ስኳር ይመዝናል። «እማማ ዛሬ አልወጡም» ብሎ ልጅ ይልካል። ዋጋው ከሱፐርማርኬቱ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ አልክድም። ነገር ግን በእጁ 200 ብር ብቻ ላለው ሰው ሩብ ኪሎ የሚሸጥለት ሱቅ ከየትኛውም ነጥብ ይበልጥበታል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ባለሱቁ ሲጽፍ እናንተም በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። ሁለቱን ደብተር በወሩ መጨረሻ ማስተያየት ነውር አይደለም።

ካርድ ለማውጣት ያሰበ ሰው በእኔ ምርጫ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው የሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበርን ነው። ትክክለኛው የደንበኛ ጥቅም ያለው እዚያ ነው። አባሉ ሼር ይገዛል፤ ከዓመቱ ትርፍ መጠባበቂያው ተቀንሶ የቀረው ለአባላት ይከፋፈላል። ክፍፍሉ በሼር ብዛት ብቻ አይደለም፣ ከማኅበሩ ምን ያህል እንደገዛም ይታያል። ድምፅ ግን ለአንድ አባል አንድ ነው፤ ባለ ብዙ ሼሩ ነጋዴና ባለ ትንሽ ሼሯ ጡረተኛ እኩል እጅ ያወጣሉ። ችግሩ ሰልፉ ነው። «ስኳር መጣ» ሲባል ወጣቱ ቀድሞ ይሰለፋል፣ አዛውንቱ ተራ ሲደርሳቸው «አልቋል» ይባላሉ። እኔ የማውቀው አንድ ማኅበር ለአረጋውያን ተራ ይሰጣል፣ ሌላው አይሰጥም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የትርፍ ክፍፍል ተደርጓል ወይ? ለአረጋውያን የተለየ ተራ አለ ወይ? መልሱ መንተባተብ ከሆነ ሼሩን ለጊዜው ተዉት።

የእሁድ ገበያ በሚቆምበት ከተማ ለአትክልት እሱን ምረጡ፣ ብዙ ማለት አያስፈልገውም። ባሕር ዳር ያለ ሰው ቅዳሜ ገበያን ያውቀዋል። መራዊ አካባቢ ያለ ደግሞ የቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች በሚደርስበት ሰሞን ሱፐርማርኬት ደጃፍ ምን ያቆመዋል?

በቴሌብር ሲከፍሉ የሚመለስ ገንዘብ በበዓል ሰሞን ይኖራል። ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜም *127# ተደውሎ መክፈል ስለሚቻል፣ ተራ ስልክ የያዙ ወላጆችም ይችሉበታል። የሱፐርማርኬቱ ቅናሽ በአፕ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን እነሱን አይመለከትም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቅናሹም አብሮ ይጠፋል። «ከዚህ ብር በላይ ለገዛ የመኪና ዕጣ» የሚለውን እለፉት። ለዕጣ ተብሎ የሚገዛ ፓስታ ሁለት ሰው ላለበት ቤት የዓመት ፓስታ ነው።

ካርዱን ስታወጡላቸው የሚመዘገበው ስልክ የእናንተ ቢሆን ይሻላል። የአባባን ቁጥር ከሰጣችሁ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ጥሪ ሊመጣባቸው ይችላል። የቴሌብር ወይም የባንክ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ደዋይ ከየትኛውም ሱቅ ነኝ ቢል ስልኩን ይዝጉት። ይህን ካርዱን በምትሰጧቸው ቀን ንገሯቸው፣ እማማም አጠገባቸው ይስሙ።