ወደ ታቦ ገዳም ልሄድ ብዬ መንገድ ላይ ቀረሁ

ሰላም ወገኖች። ህንድ ውስጥ ቻንዲጋር ከተማ የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ996 የተመሠረተውን የታቦን የቡድሃ ገዳም ለማየት ብዬ ሂማላያ ውስጥ ገብቼ ሬኮንግ ፒዮ ከተማ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚህ ገዳሙ ወዳለበት ወደ ስፒቲ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ የቻይና ድንበር ስለሚቀርበው የውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ትናንት ስጠይቅ «ብቻህን አይሆንም፤ ቢያንስ ሁለት ሁኑ» ተባልኩ። ጉዞውን ያዘጋጀልኝ ደላላ ይህን አንድም ቀን አላነሳልኝም፤ ገንዘቡን ግን ቆጥሮ ተቀብሏል።

በማናሊ ከተማ በኩል ዞሮ መሄድ ያለ ፈቃድ ይቻል ነበር። ነገር ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኩንዙም የተራራ መተላለፊያ በበረዶ ተዘግቷል፤ በረዶው እስኪቀልጥ አይከፈትም።

ብቻውን ፈቃድ ያገኘ ሰው አለ? ወይስ በዚህ ሳምንት ወደዚህ የሚመጣና አብሮኝ የሚመዘገብ? የአልጋውን ሒሳብ እኔ እችላለሁ። ብርዱና ከፍታው አያሳስበኝም፤ ያደግሁት እንጦጦ ሥር ነው። በገዳሙ የጭቃ ግድግዳ ላይ የተሳሉትን ሥዕሎች ሳላይ መመለስ ግን ያንገበግበኛል። እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።