ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ፋርማሲስት ያስቁመው?

ብሩክ፦ እስቲ እንከራከር። ሆስፒታል የተኛ ሰው የሚወስደውን መድኃኒት ክሊኒካል ፋርማሲስት በየቀኑ ካርዱን ገልጦ ይይ፣ የማያስፈልገውንም ያስቁም እላለሁ። ዋርድ ግቡ፣ ሴፍትሪያክሶን ያልተሰካለት በሽተኛ ፈልጉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መድኃኒት በጥንቃቄ ስጡ ከሚላቸው አንቲባዮቲኮች መድቦታል፤ እኛ ጋ ግን ለሁሉም ነው የሚታዘዘው። ጀርሙ ሲለምደው ምን ልንሰጥ ነው?

ዶ/ር ሰላም፦ መናገር ቀላል ነው ብሩክ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትኩሳቱ 39 ደርሶ የሚቃዥ ሰው ይመጣል፣ ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ የሚሠራልኝ የለም፣ ቀለል ያለውን ሰጥቼ ቢሞትስ? የምጠየቀው እኔ ነኝ። ምክር እሰማለሁ፣ ትእዛዜን ሌላ ሰው ሲሰርዘው ግን አልቀበልም።

ትዕግሥት (ፋርማሲስት)፦ ዶክተር፣ ሌሊት ስለጀመርሽው ማንም ምንም አላለም። እኔ የምጠይቀው ስለ ሦስተኛው ቀን ነው። ትኩሳቱ ወርዷል፣ ሰውየው ሽሮውን እየበላ ነው፣ መርፌው ለምን ይቀጥላል? ወደሚዋጥ ቢቀየር ደም ሥሩ ላይ የተሰካው ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላው፣ ይነቀላል፣ ቤተሰቡም ከውጭ ግዙ ተብሎ ወረቀት ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ አይንከራተትም። ደግሞ አንቲባዮቲክ ብቻ አይደለም። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ እናት ጉልበታቸውን ሲያማቸው ሌላ ክሊኒክ ዲክሎፌናክ ያዝላቸዋል። ሦስቱ ሲደራረቡ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ፣ በተለይ በዕድሜ ለገፋ ሰው። ሁሉንም አንድ ላይ ያየላቸው ሰው ስለሌለ እኮ ነው!

ገዛኸኝ፦ እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፣ አስታማሚ ነበርኩ። የምፈራው ወጪ ይቀነስ ተብሎ ድሃው የሚያስፈልገውን እንዳይከለከል ነው። ውድ መድኃኒት የሚቆመው ስላላስፈለገ ነው ወይስ ስቶክ ስላለቀ? ይህን ለቤተሰብ የሚነግረው ማን ነው?

ትዕግሥት፦ ጋሽ ገዛኸኝ፣ ልክ ነዎት፤ ለዚህ ነው ምክንያቱ ካርዱ ላይ ይጻፍ የምለው። ሲቆምም ሲቀጥልም። ዋጋ ብቻውን ማስቆሚያ መሆን የለበትም።

ብሩክ፦ እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ፋርማሲስቱ ብቻውን አይሰርዝ። አንቲባዮቲክ ግን 72 ሰዓት ሳይሞላው ሁለቱ አብረው ይዩት፤ ይቀጥል የሚል ሐኪም ለምን እንደሚቀጥል ይጻፍ።

ዶ/ር ሰላም፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን አልጋ ላልጋ እየዞርን ስናይ፣ አብራችሁኝ ከቆማችሁ። ከቢሮ በወረቀት ከሆነ ግን አይሆንም። ደግሞ ዓርብ ማታ የገባ በሽተኛ 72 ሰዓቱ የሚሞላው ሰኞ ማታ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ዋርድ ውስጥ የትኛው ፋርማሲስት ነው ያለው?